አየር ያላገኘ ኮምፒውተር ጸጥ አይልም

ጥያቄ፦ «የሠርግና የልደት ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ውስጥ ነው። የኮምፒውተሬ ሲፒዩ (ዋናው ማስሊያ ቺፕ) ራይዘን 7 5700ኤክስ፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ አርቲኤክስ 3060 ነው። ኬዙ ከፊትም ከጎንም መስታወት ነው፤ መብራታቸው በሪሞት የሚቀያየር ስድስት ፋኖች አሉት። ሬንደር (ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል ማውጣት) ስጀምር ጩኸቱ አያድርስ ነው። ሕፃን ልጃችን እዚያው ክፍል ስለምትተኛ ማታ መሥራት አቁሜያለሁ። ግራፊክስ ካርዱ 83 ዲግሪ ይደርሳል፤ እንዳይቃጠል ፈርቻለሁ። የጎኑን መስታወት ስከፍተው ትንሽ ይሻለዋል። አሁን ውስጡ በስፖንጅ የተለበጠ፣ ድምፅ አልባ የሚሉትን ኬዝ ልገዛ ነው። በዚያው ሲፒዩውንም ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ልቀይረው አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይግዙ። በስፖንጅ የተለበጠው ኬዝ ችግርዎን ያባብሰዋል። የውኃ ማቀዝቀዣው ደግሞ ብዙም ያልሞቀውን ሲፒዩ ነው የሚያቀዘቅዘው። የእርስዎ ኮምፒውተር የሚጮኸው አየር ስላጠረው ነው። የሚያስፈልግዎ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ፣ ትልልቅና ቀስ ብለው የሚዞሩ ሦስት ፋኖች፣ ከዚያም የፋኖቹን ፍጥነት በአግባቡ ማስተካከል ነው። ምክንያቱን ልዘርዝር። ምክንያቱ ከገባዎት ሱቅ ውስጥ የቆመውን ማንኛውንም ኬዝ አይተው ራስዎ መመዘን ይችላሉ።

በቅድሚያ ስለ 83 ዲግሪው አይጨነቁ። አርቲኤክስ 3060 ከፋብሪካው የተፈቀደለት ጣሪያ 93 ዲግሪ ነው። ወደ 83 አካባቢ ሲጠጋ ራሱን መቆጣጠር ይጀምራል። ፋኑን ያፈጥናል፤ ካልበቃው ፍጥነቱን ትንሽ ይቀንሳል። ሲፒዩዎም እስከ 90 ዲግሪ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ የመቃጠል ጉዳይ አይደለም። ካርዱ 83 ላይ የቆመው ግን ፋኖቹን እስከ ጥግ እያስሮጠ ነው። ማታ የሚሰሙት እሱን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልናገር። ዓላማችን ኮምፒውተሩን በተቻለ መጠን ማቀዝቀዝ አይደለም። ሬንደር ላይ 75 ዲግሪ የሚሠራና የማይሰማ ካርድ፣ 62 ዲግሪ እየሠራ ከሚያጓራ ካርድ ይሻላል። ዕድሜውም ሥራውም አይጎዳም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ስሌት እንሂድ። 5700ኤክስ በስም 65 ዋት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ወደ 76 ዋት ይደርሳል። ካርዱ 170 ዋት ነው። ማዘርቦርዱን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኮቹን፣ ፋኖቹንና ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚያባክነውን ስንጨምርበት እስከ 300 ዋት ብለን እንያዝ። ይህ ሁሉ ሙቀት ከኬዙ መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ደግሞ አየር ብቻ ነው። በኬዙ ውስጥ የሚያልፈው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት ወደ 90 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየራችን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው በመጠን ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ያንኑ 300 ዋት ለማውጣት እዚህ በሰዓት ወደ 120 ሜትር ኩብ እንፈልጋለን።

ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የኬዝና የፋን ፍተሻ የሚያሳዩት የውጭ ቪዲዮዎች በአብዛኛው የተቀረጹት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። እነሱ ከክፍሉ ሙቀት በላይ 45 ዲግሪ ያሉት፣ እዚህ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። የሚክሰን የከተማችን ብርድ ነው። ማታ ክፍልዎ 19 ወይም 20 ዲግሪ ቢሆን፣ የጅቡቲ ወይም የዱባይ ሰው የሚመኘውን አየር በነፃ አግኝተዋል ማለት ነው። ያ ቀዝቃዛ አየር ግን ኬዙ ውስጥ መግባት አለበት። መስታወቱ የከለከለው ይህንን ነው።

የፊት መስታወት ያለው ኬዝ፣ ሮጦ የመጣን ሰው አፉን በጋቢ እንደ መሸፈን ነው። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራታቸውም ያምራል፤ የሚስቡት አየር ግን የለም። የእርስዎን ኬዝ ከጎን ጠጋ ብለው ይዩት። በመስታወቱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ከሥር ያለችው ቀዳዳም በአቧራ ማጣሪያ ተሸፍናለች። ሦስት ፋን በዚያች ስንጥቅ ይተነፍሳል። አየሩ ሲጣበብ ይፏጫል፤ የፋኑ ምላጭም ከተረበሸ አየር ጋር ሲጋጭ ድምፁ ይሻክራል። በዚህ ላይ ካርዱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። የጋለ አየር እየሳበ ያንኑ ያህል ለመቀዝቀዝ ደግሞ በፍጥነት መዞር አለበት።

የጎኑን መስታወት ሲከፍቱ የተሻለዎትም ለዚህ ነው። ይህን ግን እንደ መፍትሔ አይውሰዱት። የጎን መዝጊያው የተከፈተ ኬዝ ለጩኸቱም መውጫ ይከፍታል፤ አቧራውም በቀጥታ ይገባል፤ ሕፃን ላለበት ቤትም ጥሩ አይደለም። እንደ ምርመራ ግን ግሩም ነው። ጥሩ ኬዝ ጎኑን ሲከፍቱት የሙቀቱ ለውጥ ትንሽ ነው። ሲከፈት ብዙ የሚቀንስ ከሆነ ኬዙ እያፈነ ነው። አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ። የጎኑን መልሰው ይዝጉትና የፊቱን መስታወት ያውልቁ። ብዙውን ጊዜ ከሥር ጨብጦ ወደ ፊት ሲስቡት ይላቀቃል፤ በብሎን የታሰረም አለ። መስታወቱን ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡት፤ ሴራሚክ ላይ ጥጉ ከነካ ይበተናል። ከዚያ የተለመደውን ሬንደር ለሩብ ሰዓት ያስኪዱና ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን ሙቀትና የፋኑን ፍጥነት ይመዝግቡ። ፊቱ ተዘግቶ ካገኙት ጋር ያስተያዩት። ብር ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያድርጉ። የፊቱ መስታወት ሲነሳ ሙቀቱም ፍጥነቱም ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ ነው። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ የካርዱ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚበትነው ብረት) በአቧራ ተደፍኖ ወይም ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በብረቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲስ ኬዝ አይረዳዎትም።

ስለ ስድስቱ ፋኖች ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከጥያቄዎ ውስጥ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ «በሪሞት የሚቀያየር» የሚለው ነው። እንዲህ ያሉት ርካሽ ፋኖች በብዛት የሚገናኙት ከኬዙ ጀርባ ከተለጠፈች ትንሽ ሳጥን ጋር ነው። ሳጥኗ ደግሞ ኤሌክትሪክ የምታገኘው በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ነው፤ አራት ወፋፍራም ሽቦ ባለው በአሮጌው ሶኬት። ማዘርቦርዱ እነዚህን ፋኖች አያያቸውም፤ አያዛቸውምም። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ዴስክቶፑን ብቻ እያሳየ እንኳ ስድስቱም በሙሉ ኃይል ይዞራሉ። ጀርባውን ከፍተው ሽቦውን ይከተሉት። ወደ ፓወር ሰፕላይ የሚሄድ ከሆነ የጩኸቱን ግማሽ አገኙት። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ቢዞሩ ቢዞሩ የሚያስተካክሉት ነገር አይኖርም፤ ፋኑ ራሱ መቀየር አለበት።

የሚገዙት ፋን ባለ 4 ፒን ይሁን። አራተኛው ፒን ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን የሚያዝበት ነው። ባለ 3 ፒኑም በቮልቴጅ ሊታዘዝ ይችላል፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን እንደ ባለ 4 ፒኑ አይረጋጋም። የሚሰኩትም ማዘርቦርዱ ላይ «ቻሲስ ፋን» ወይም «ሲስተም ፋን» ተብሎ በእንግሊዝኛ ምህጻር የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። ቦታው ካነሰ አንዱን ሶኬት ለሁለት የሚከፍል ኬብል ይበቃል። አንድ ሶኬት በአብዛኛው እስከ 1 አምፔር ይችላል፤ አንድ መደበኛ ፋን የሚወስደው ከዚህ ሩቡን ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው።

የፋን ብዛትን በተመለከተ የድምፅ ሒሳብ እንደ ሌላ ሒሳብ አይደለም። እኩል የሚጮኹ ሁለት ፋኖች ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዲሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሯችን ግን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዲሲቤል ሲጨምር ነው። የፋን ፍጥነት ሲጋመስ ደግሞ ድምፁ በ15 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ የሚገፋው አየር የሚቀንሰው ግን በግማሽ ነው። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ነው። ጸጥታ የሚገኘው ፍጥነትን በመቀነስ ነው። ፍጥነት ሲቀነስ አየሩ እንዳያንስ ደግሞ ፋኑ ትልቅ፣ መንገዱም ክፍት መሆን አለበት። 140 ሚሊ ሜትር ፋን ከ120ው በስፋት 36 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ያንኑ አየር በጣም ባነሰ ዙር ያቀብላል። ሁለት ባለ 140 በደቂቃ 800 ዙር እየዞሩ፣ ሦስት ባለ 120 በሙሉ ፍጥነት እየዞሩ በስንጥቅ ከሚስቡት የተሻለ ንጹሕ አየር ሊያስገቡ ይችላሉ። አጠገባቸው ቆመው እንኳ ድምፃቸውን መለየት ይከብዳል።

ስፖንጁ ለምን አይሆንም? ስፖንጅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ያውም ወፍራም ሲሆን። ኬዝ ውስጥ የሚለጠፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። የፋንን ጉርምርምታና የዲስክን ንዝረት አያቆምም። አምራቾቹ ድምፁን ለመያዝ ሲሉ ፊቱንም ጣሪያውንም ይዘጉታል። ውጤቱ እርስዎ አሁን ያሉበት ነው፤ መስታወቱ በስፖንጅ ተተካ እንጂ ማፈኑ ያው ነው። ጥሩ ማሳያ አለ። የስዊድኑ ፍራክታል ዲዛይን በ2020 ዲፋይን 7 እና ሜሺፋይ 2 የሚባሉ ሁለት ኬዞች አውጥቷል። አጽማቸው አንድ ነው። ዲፋይን 7 ዝግና የተለበጠ ነው፤ ሜሺፋይ 2 ፊቱ ወንፊት ነው። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ወይም ቀኑን ሙሉ ሰነድ ብቻ ለሚጻፍበት ኮምፒውተር ዲፋይን 7ን እመርጣለሁ፤ የሚወጣ ሙቀት ስለሌለ ዝግነቱ ይጠቅማል። ካርዱ ለሰዓታት 170 ዋት ለሚተፋበት ሰው ግን ሜሺፋይን። ወንፊቱ የበለጠ ድምፅ ያሳልፋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከውስጥ የሚያሳልፈው ድምፅ ራሱ ያንሳል።

የውኃ ማቀዝቀዣውን በተመለከተ፣ የእርስዎ ሲፒዩ 76 ዋት ነው። 120 ሚሊ ሜትር ፋን ያለው፣ ቱቦዎቹ መዳብ የሆኑ ተራ ታወር ኩለር (ሲፒዩው ላይ የሚገጠም ባለ ፋን ማቀዝቀዣ) ይህን በጸጥታ ይችለዋል። ውኃው ሙቀቱን ከሲፒዩ ወደ ራዲያተር ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም። ራዲያተሩ ላይ ያለው ፋን መልሶ የኬዙን አየር ይፈልጋል። ፓምፑ ደግሞ ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ ይሠራል፤ ሲያረጅም ያንቋርራል። ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያች ድምፅ ከፋን ይልቅ ታናድዳለች። ፓምፑ ከሞተም መለዋወጫው እንደ ፋን በቀላሉ አይገኝም። ከሁሉም በላይ ሲፒዩውን ብቻ ነው የሚነካው፤ የእርስዎ ጩኸት የሚመጣው ከካርዱና ከኬዙ ፋኖች ነው።

ስለዚህ ምን ይግዙ? የፊቱ ሙሉ ገጽ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት ባለ 140 ወይም ከዚያ የሚተልቅ ፋን የሚይዝ፣ መካከለኛ ታወር ኬዝ። የሊያን ሊ ላንኩል 216 ለእርስዎ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ከፊት ሁለት ባለ 160፣ ከኋላ አንድ ባለ 140 ፋን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ፋን መግዛት አይጠበቅብዎትም። መብራት የሌለውን ዓይነት ይጠይቁ። እሱ ከጠፋ የቢ ክዋየት ፒዩር ቤዝ 500ዲኤክስ ሦስት ባለ 140 ፋኖች አሉት። የኮርሴር 4000ዲ ኤርፍሎው አካሉ ጥሩ ነው፤ አብረውት የሚመጡት ሁለት ፋኖች ግን ባለ 120 ናቸው። የፍራክታል ቶረንት ሁለት ባለ 180 ፋን ይዟል። ድንቅ ነው፤ ለ300 ዋት ግን ከልክ በላይ ነው፤ ግዙፍና ከባድም ነው። እነዚህ ኬዞች ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው የሚመጡ ከሆነ የካርቶኑን መጠን አስቀድመው ይንገሩ። ኬዝ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ስሙን የማያውቁት ኬዝ ቢያጋጥምዎ የፊት መዝጊያውን አስወልቀው ወደ አምፖል አንሥተው ይዩት። ብርሃኑ በደንብ ከወጣ አየርም ይገባል። ብዙ ርካሽ ኬዝ ከሩቅ ወንፊት ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ቀዳዳው የተቀባ ላስቲክ ነው፤ ወይም ከጀርባው ድፍን ብረት አለ። ከዚያ የጎኑን ብረት በአውራ ጣትዎ መሐሉ ላይ ይጫኑት። እንደ ቆርቆሮ ከዘለለ ከፋኑና ከዲስኩ ጋር ይንቀጠቀጣል። ከመግዛትዎ በፊት የካርድዎን ርዝመትና የኩለሩን ቁመት ይለኩ። ባለ 120 ታወር ኩለሮች ከ150 እስከ 160 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው፤ ጠባብ ኬዝ ላይ የጎኑ መዝጊያ አይገጥምም።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ሁለቱ የፊት ፋኖች ያስገባሉ፤ የኋላው አንዱ ያስወጣል። ጣሪያው ላይ ምንም አይግጠሙ። በተለይ ከጣሪያው የፊተኛው ጥግ ላይ የሚያስወጣ ፋን አይሁን፤ አሁን የገባውን ቀዝቃዛ አየር ሲፒዩው ጋ ሳይደርስ ይሰርቀዋል። «ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያው ላይ ፋን ግድ ነው» የሚለውን ብዙ ቴክኒሻን ይደግመዋል። ሙቅ አየር በራሱ የሚወጣበት ኃይል ከፋን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ፋኑ ወደመራው ይሄዳል። የፋኑን አቅጣጫ ለማወቅ ከሶፍት ቁራጭ ይቁረጡና ያስጠጉት፤ የሚለጠፍበት በኩል የሚስብበት ነው። ሞተሩን የያዙት የፕላስቲክ እግሮች ያሉበት ፊት ደግሞ በአብዛኛው አየሩ የሚወጣበት ነው።

የሚያስገባው ከሚያስወጣው ሲበልጥ ሌላ ጥቅም አለው። ትርፉ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራም በማጣሪያው በኩል ካልሆነ አይገባም። ኮንዶሚኒየም አካባቢ ግንባታ በማይቆምበት በጋ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማጣሪያውን በበጋ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ በውኃ አጥበው፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ይመልሱት። የተደፈነ ማጣሪያ ከመስታወት አይለይም።

ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ወስደው በኮምፕረሰር አያስነፉት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ደጋግሜ የተበላሸ ዕቃ ስለማይ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃና ዘይት አብሮ ይረጫል። ግፊቱም ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አስሮጦ ኩሽኔታውን ያበላሻል። በእጅ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንፋሽ ይበቃል። ሲነፉ ኮምፒውተሩ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን፤ ፋኑንም እንዳይዞር በጣትዎ ይያዙት።

ኬዙ ከገባ በኋላ ሥራው አላለቀም። ፍጥነቱን ካላስተካከሉ አዲሱም ኬዝ ይጮኻል። ባዮስ በአብዛኛው የኬዝ ፋኖችን የሚያስከትለው በሲፒዩ ሙቀት ነው። የሲፒዩ ሙቀት በሰከንድ ውስጥ 15 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል፤ ፋኑም አብሮት እየተነሣ እየወረደ ይተነፍሳል። ሕፃን የሚቀሰቅሰው ይህ መዋዠቅ ነው፤ አንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ላይ ግን ትተኛለች። ፋን ኮንትሮል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያውርዱና የኬዝ ፋኖቹ የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት እንዲከተሉ ያድርጉ። እስከ 50 ዲግሪ 40 በመቶ፣ 75 ዲግሪ ላይ 70 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ብቻ ይጨምር። ለውጡም ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ ይሁን። ካርዱ ላይ ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የኃይል ጣሪያውን ወደ 80 በመቶ ያውርዱት። 170 ዋቱ ወደ 136 ይወርዳል፤ ሬንደሩ የሚዘገየው ግን በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ይህኛው ምንም ብር አይጠይቅም፤ ዛሬ ማታውኑ ሊያደርጉት ይችላሉ።

አዲስ ኬዝ ለጊዜው ከአቅም በላይ ከሆነ የያዙትን ማሻሻል ይቻላል። የፊቱን መስታወት አንሥተው በቦታው የመስኮት የትንኝ ወንፊት በልኩ ቆርጠው ይወጥሩበት። ብረት ሠሪ ዘንድ በቀጭን ፍሬም ቢታሰር ያምራልም። ስድስቱን ፋኖች በሦስት ባለ 4 ፒን ይተኩ። የአርክቲክ ፒ12 ወይም ኬዙ ከቻለ ፒ14 በዋጋቸው ከማውቃቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ልጅዎ መዳህ ስትጀምር ግን ከወንፊቱ ጀርባ የፋን ፍርግርግ ያስፈልጋል፤ የትንኝ ወንፊት ጣት አያቆምም።

አቀማመጡም ይታይ። ከኋላው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከግድግዳ ይራቅ። የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ የራሱን ሙቅ አየር መልሶ ይጠጣል። ምንጣፍ ላይ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ ያድርጉለት፤ ፓወር ሰፕላዩ የሚተነፍሰው ከሥር ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም የማይጠፉ ድምፆች አሉ። ባለ 3.5 ኢንቹ ሃርድ ዲስክ ሲዞር ያጉረመርማል፤ የላስቲክ ማስቀመጫ ያለው ኬዝ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚሠሩበትን ፋይል ኤስኤስዲ ላይ አድርገው ዲስኩን ለማኖሪያ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ማታ ይተኛል። ካርዱ ሬንደር ላይ ቀጭን ጢዝታ ካሰማ እሱ ካርዱ ላይ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች ድምፅ ነው። በኬዝም በፋንም አይስተካከልም፤ የኃይል ጣሪያውን ማውረዱ ብዙ ጊዜ ያለዝበዋል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ሆነው ይህን የሚያነቡ ሰዎችም አሉ። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የካርዱም በአንድ ዲግሪ ይጨምራል። 36 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ማንኛውም ኬዝ ጸጥታና ቅዝቃዜን አንድ ላይ አይሰጥም። እዚያ የኃይል ጣሪያውን ወደ 70 በመቶ ማውረድና ረጅሙን ሬንደር ለሌሊት ማቆየት ከኬዝ ምርጫ ይቀድማል።

ለእርስዎ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዛሬ የኃይል ጣሪያውን ያውርዱ፤ የስድስቱን ፋኖች ሽቦ ይከተሉ። ነገ የፊቱን መስታወት አንሥተው የሩብ ሰዓቱን ሙከራ ያድርጉ። ሙከራው ኬዙን ከወነጀለ ላንኩል 216ን ያስመጡ። ለውኃ ማቀዝቀዣ ያሰቡትን ብር ለሁለት ቴራባይት ኤስኤስዲ ያውሉት።